ለመላሽ ያልተተወ ለቅሶ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሥራዬ ሰዋስው ነው፤ የምወደው ግን ልብ ወለድ ነው። ከልብ ወለድም ገና ያልመጣውን ዘመን ክፉ አድርጎ የሚተርከውን አብልጬ እወዳለሁ። እንግሊዝኛው ዲስቶፒያ ይለዋል፤ እኔ ለተማሪዎቼ "የክፉ ነገ ታሪክ" እያልሁ ነው የማስተምረው። እንዲህ ባሉ ታሪኮች ውስጥ ሰው ሁሉ ነገር ይሟላለታል። መብራቱ አይጠፋም፣ ውኃው አይቋረጥም፣ የጠየቀውን ሁሉ የሚመልስለት መሣሪያ በእጁ ነው። የጎደለው ነገር የሚታወቀው ቆይቶ ነው፤ ባለታሪኩ ሲታመም ወይም ሲከፋው ዙሪያውን ይመለከትና ሰው ያጣል። ደራሲዎቹ መሣሪያውን ጨካኝ አድርገው ሲስሉት ብዙም አልፈራም። የምፈራው ደግ አድርገው ሲስሉት ነው። ጎረቤት ከመጥራት እሱን መጥራት እየቀለለ ይሄድና፣ አንድ ቀን ጎረቤት የሚባለው ነገር ራሱ ይረሳል።

ይህን ለአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች ማስረዳት ቀላል አይደለም። ከትምህርት በኋላ የምንሰበሰብበት የሥነ ጽሑፍ ክበብ አለን፤ አንድ ቀን እዚያ ላይ፣

"የክፉ ነገ ታሪክ ጻፉልኝ" አልኋቸው። "ግን ውጭ አገር አትሂዱብኝ። እዚሁ ይሁን። ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ የገዛ ቀበሌያችሁ።"

በሳምንቱ ይዘው መጡ። አንዱ ባጃጆቹን በሰማይ አበረራቸው፤ የጋሪ ፈረሶቹ ግን አሁንም መሬት ላይ ነበሩ፤ ለምን ስለው "ፈረስ ይፈራል ቲቸር" አለኝ። አንዷ ሮቦትን የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር አድርጋ ሾመችው። የቀሩት ድርሰቶች እሳትና ብረት ለበስ ወታደር ነበሩ። ጎበዞች ናቸው፣ ግን የጻፉት ክፉ ነገ በስልካቸው ካዩት ፊልም የተቀዳ ነበር።

ሁሉም አንብበው ሲጨርሱ አንዲት ልጅ ከኋላ ተነሥታ ወረቀቷን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችና ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ልጅቱ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ካለ የገጠር ቀበሌ የመጣች ናት። ከጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ ዓርብ ወደ ቤተሰቧ ትሄዳለች፣ እሑድ ስንቋን ይዛ ትመለሳለች። አባቷ መሪጌታ ናቸው፤ በደብራቸው ቅኔ ያስተምራሉ። እሷ ግን ክፍል ውስጥ ስትናገር ድምፅዋ ስለማይሰማ፣ መልሷን እኔ ለክፍሉ እየደገምሁ ነበር የማሰማው።

"አንብቢልን" አልኋት።

"እርስዎ ያንብቡት" አለች።

አነበብሁት። ርእሱ "መላሽ" ነው። ዘመኑ ገና የሚመጣ ነው፤ ከተማው ፍኖተ ሰላም። ሰው ሁሉ ጆሮው ላይ መላሽ የሚባል ትንሽ ዕቃ ሰክቷል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ አፋቸውን አይከፍቱም። የአንዱ መላሽ ለሌላው መላሽ "እንደምን አደርህ፣ ልጆች ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ዝናቡ እንዴት ነው" ይላል፤ ያኛው "እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ ይመልሳል፤ ሰዎቹ ይተላለፋሉ። የአገራችንን ሰላምታ ርዝመት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል እረፍት እንደሚመስል ይገባዋል። ክፍሉም መጀመሪያ ላይ ሳቀ።

ከዚያ የአንዲት ሴት እናት ትሞታለች። ሴትዮዋ መላሿን "ለሰው ንገርልኝ" ትለዋለች። ወዲያው ከየአቅጣጫው "እግዚአብሔር ያጽናሽ" የሚል ድምፅ ይጎርፍላታል፤ አንዱም ቃል አይሳሳትም። ድንኳን ተተክሏል፣ አግዳሚ ተደርድሯል። ማንም አይመጣም። ሁሉም በመላሹ በኩል ስለተናገረ ለቅሶ የደረሰ መስሎታል። መላሽ በየመካከሉ በትሕትና "ሌላ የሚያዙኝ ነገር አለ?" ይላታል። በመጨረሻ "እንግዲያው አንተው አልቅስልኝ" ትለዋለች። ያለቅሳል። ከሰው ሁሉ አሳምሮ ያለቅሳል። ታሪኩ እዚያ ላይ ያበቃል።

አንብቤ ስጨርስ የሚስቅ አልነበረም። ስንት ዓመት ሙሉ በሌሎች አገሮች ደራሲዎች አስረዳለሁ ብዬ የደከምሁበትን ነገር፣ በእኛ ድንኳንና በእኛ አግዳሚ ጽፋው ቁጭ ብላለች።

ሌሎቹ ከወጡ በኋላ "ከየት አመጣሽው?" አልኋት።

እግሯን እያየች ነገረችኝ። ወንድ አያቷ ሲያርፉ አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድሟ መንገድ አልሆነለትም፤ ደወለ። አባቷ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ድንኳኑ ውስጥ ዱካ በምንለው በርጩማ ላይ አስቀመጡት። ወንድሟ እዚያው ሆኖ አለቀሰ። ለቅሶ ደራሹም ስልኩን ከቦ አብሮት አለቀሰ።

"ልክ እንደ ሰው ነው ያስተናገዱት ቲቸር። አንዲት ሴትዮ እንደውም 'አይዞህ' እያሉ ዱካውን ይነኩት ነበር። ከዚያ ባትሪው አለቀ። ዝም አለ። ማንም ሊያነሣው አልደፈረም፤ ሁሉም ዓይኑን ወዲያ አደረገ። በኋላ እኔ አነሣሁት። ትኩስ ነበር።"

በማግሥቱ ታሪኩን ተውኔት እናድርገው ብዬ ለክበቡ አቀረብሁ፤ ተቀበሉት። ሴትዮዋን እንድትጫወት የተመረጠችው የከተማ ልጅ ናት፤ ሳቂታ፣ ሰፈሯ ውስጥ በጨዋታዋ የምትታወቅ። ችግሩ የመላሽ ድምፅ ነበር። የኮምፒውተር መምህራችን በአንድ ፕሮግራም አማርኛ የሚያነብ ድምፅ አዘጋጅቶ አመጣልን። ድምፁ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል አይለይም፤ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ሲል ሰው የሚረግም ይመስላል። በሳቅ ሞትን። አንዳንዶቹ "እንደውም ይሄ ይሻላል፤ ማሽን መሆኑ ይታወቃል" አሉ።

ደራሲዋ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በክበቡ ፊት ድምፅዋን ከፍ ያደረገችው።

"አይሆንም" አለች። "አስቀያሚ ድምፅ ቢኖረው ማን ይወደዋል? ማን ጆሮው ላይ ይሰካዋል? ማማር አለበት።"

ስለዚህ ዲያቆን የሆነውን የክፍል ጓደኛዋን መረጠች። ልጁ በቅዳሴ ያደገ ነው፤ ድምፁ ሲወጣ አንጀት ይበላል። ከመጋረጃ ጀርባ ቆሞ በዚያ ድምፅ "ሌላ የሚያዙኝ ነገር አለ?" ሲል መጀመሪያ ደስ ይላል፤ ሲደጋግመው ግን ያስፈራል። የመጨረሻውን ለቅሶ ሲለማመድ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሰው የሞተ መስሏቸው እየሮጡ መጡ።

በልምምዱ ሰሞን አንድ የገበያ ቀን መሪጌታ ልጃቸውን ሊጠይቁ ትምህርት ቤት መጡ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ በትራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እጅ ነሥቼ ስለ ተውኔቱ ነገርኋቸው።

"ርእሱን ማን አወጣው መምህርት?" አሉኝ።

"ልጅዎ ናት አባታችን።"

ዞር ብለው አዩአት። "መላሽ። የጠየቁትን የሚመልስ ማለት ነው። 'መላሽ የት አለ' ቢሏት ደግሞ፣ የአንቺ መላ፣ የአንቺ ዘዴ የት አለ ማለት ይሆናል። ሰሙ መሣሪያው፣ ወርቁ የሴትዮዋ መላ ማጣት። አውቀሽ ነው ወይስ ገጠመልሽ?"

"አውቄ ነው አባየ" አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

መሪጌታ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉት፤ ዓይናቸው ግን ይስቅ ነበር። እሷ ወደ ክፍል ስትገባ ጠብቀው ወደ እኔ ጠጋ አሉና፣

"ይህችን እኔ አላስተማርኋትም" አሉኝ። "ለተማሪዎቼ ቅኔ ስዘርፍ ከደጅ ውኃ እየቀዳች፣ እንጨት እያነባበረች ሰምታ ነው የወሰደችው። ለማንም አልተናገርሁም፤ ለእርስዎ ግን ነገርሁዎት።"

አባት እንዲህ ሲኮራ አይቼ እኔም ኮራሁ፤ የኔ ልጅ የሆነች ያህል።

ተውኔቱን የወላጆች ቀን አሳየነው። ከሰዓት በኋላ ነበር። አዳራሻችን ጠባብ ስለሆነ መድረኩን ግቢው ውስጥ ከዛፎቹ ሥር ሠራነው። ሸራ ወጥረን ድንኳን አስመሰልን፤ ድንኳኑ ውስጥ ከክፍል ያወጣናቸውን አግዳሚዎች ባዶአቸውን ደረደርን። ወላጆች ከከተማውም ከገጠሩም መጡ፤ ገሚሱ ገበያ ውሎ የመጣ ስለነበር ዕቃውን እግሩ ሥር አስቀምጦ ተቀመጠ። ከፊት ለፊት አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ከተማሪዎቻችን የአንዱ አያት ናቸው፤ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ያያሉ።

የሰላምታው ክፍል ሲደርስ ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ሁለቱ ልጆች አፋቸውን ዘግተው ሲተላለፉ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ድምፁ ብቻውን የከብቱንም የሰብሉንም ደህንነት ሲጠይቅ፣ አንድ አባት "ምነው ልጄ ለኔም በገዛልኝ!" ብለው ጮኹ። ደራሲዋ ከጎኔ ቆማ ጣቷን ትነክሳለች።

እናቲቱ ሞተች። ሳቂታዋ ልጅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠች። መላሽ የጽናቱን ቃል አንድ በአንድ አሰማ። ልጅቱ በባዶው አግዳሚ መካከል ተቀምጣ ወደ መንገዱ ታያለች። ዝምታው እንዲረዝም አድርገን ነበር ያዘጋጀነው፤ የተመልካቹ ወገብ እስኪቁነጠነጥ ድረስ።

"ሌላ የሚያዙኝ ነገር አለ?" አለ መላሽ፣ በዚያ መልካም ድምፅ።

ይህን ጊዜ ከፊት ያሉት አሮጊት ተነሡ። ሊወጡ ነው ብዬ ነበር። እሳቸው ግን መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ቀጥ ብለው ወደ መድረኩ ሄዱ። እየሄዱ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ደረጃው ላይ አንዱ ተማሪ እጃቸውን ያዘላቸው፤ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ነው መሰለኝ። ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ከልጅቱ ጎን ተቀመጡና፣

"እኔ መጣሁ የኔ ልጅ" አሏት።

ልጅቱ ደነገጠች። በተሰጣት ጽሑፍ ውስጥ እንዲህ የሚል የለም። መላሽ የሆነው ዲያቆንም ከመጋረጃው ጀርባ የሆነውን አላየም፤ ተራው ስለደረሰ ብቻ፣

"ሌላ የሚያዙኝ ነገር አለ?" አለ እንደገና።

"አንተ ደግሞ ዝም በል ወዲያ!" አሉት አሮጊቷ።

ግቢው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ግን ሌላ ሴት ተነሣች። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። ከዚያ ቁጥሩ ጠፋኝ። በየተራ፣ ሳይገፋፉ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው እየገቡ አግዳሚዎቹን ሞሉአቸው። የተረፈው ሣሩ ላይ ተቀመጠ። አንዲት እናት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ እናት የሚባለውን ሙሾ ማንጎራጎር ጀመረች። ሳቂታዋ ልጅ አሮጊቷ ትከሻ ላይ ተደፍታ እውነተኛ ለቅሶ አለቀሰች፤ በኋላ ስትነግረኝ "ለማን እንዳለቀስሁ አላውቅም" ብላኛለች። መላሽ ዝም እንዳለ ቀረ።

እንደዚያ ቀን ባገሬ ሰው ኮርቼ አላውቅም። አንድ ሺህ ጊዜ ያነበብሁት የክፉ ነገ ታሪክ ሁሉ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ላይ ነው የሚያበቃው፤ ደራሲውም አንባቢውም የሚያደርጉት የላቸውም። የኛ ሰዎች ግን አላስችል አላቸው። ተነሥተው ወደ ታሪኩ ውስጥ ገቡ።

ጭብጨባው ሲበርድ ደራሲዋን ፈለግሁ። ከክፍሎቹ ጀርባ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ አገኘኋት። ደስታ ያስለቀሳት መስሎኝ ጠጋ ስል ተቆጥታለች።

"መጨረሻዬን ወሰዱብኝ" አለች።

"ምን ሆነሻል? አላየሽም እንዴ ሰዉ እንዴት እንደሆነ?"

"አየሁ። ግን ታሪኩ እንደዚያ አይደለም። ማንም አይመጣም ነው የጻፍሁት። እነሱ ሲመጡ፣ በቃ፣ ምንም ያልተበላሸ መሰለ። ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ ደስ እንዲለው ነው እንዴ የጻፍሁት?"

በአሥራ ሰባት ዓመት ዕድሜ ለድርሰቷ እንዲህ የምትቆም ልጅ ያገኘ መምህር ሥራው መስማት ነው። እንደቆምን አሮጊቷ እየተመሩ መጡ። ማን እንደጻፈው ጠይቀው ኖሯል።

"አንቺ ነሽ?" አሏት። "ተቀይመሽኛል አሉ።"

"ኧረ እማማ፣ አልተቀየምሁም።"

"ጨዋታ መሆኑን ያላወቅሁ እንዳይመስልሽ። አውቃለሁ። ያቺ ልጅ እናቷ ገበያ ላይ ቃሪያ ትሸጣለች፤ ጠዋት አይቻታለሁ። ግን ለማስመሰልም ቢሆን እንደዚያ ተቀምጣ ማየት አልቻልሁም። እግሬ እምቢ አለኝ።" ግንባሯን ሳሙአት። "አንቺ ጥሩ አድርገሽ ብትጽፊው ነው የተነሣሁት። መጥፎ ብትጽፊውማ እተኛ ነበር።"

ልጅቱ ሳትወድ ሳቀች።

በዚያ ሰሞን እኔም አንድ ቅዳሜ ተነሥቼ ፈረስ ቤት ከተማ፣ እናቴ ዘንድ ሄድሁ። እናቴን በየሳምንቱ እሑድ በስልክ አገኛታለሁ፤ የዚያን ሳምንት ግን ሳልደውል ሄድሁ። ደጋው ላይ ስደርስ ብርዱ ፊቴን ሲነካኝ ደስ አለኝ። እናቴ በሩን ከፍታ ስታየኝ ቀለሟ ተለወጠ።

"ማን ሞተ?" አለችኝ።

"ማንም አልሞተም። ላይሽ ነው የመጣሁ።"

"ሳትደውይ?" አላመነችኝም። ሌላ ልጇ ጋር ደውላ ሁሉም በሕይወት መኖራቸውን ካረጋገጠች በኋላ ነው የተቀመጠችው። ከዚያ ስለ ተውኔቱ ነገርኋት። ስለ አሮጊቷ ስትሰማ አደነቀች፤ ስለ ደራሲዋ ቁጣ ስነግራት ግን የበለጠ ወደደችው። "ልክ ናት" አለች። "ሁልጊዜ የሚነሣ ሰው አለ ብሎ ማን ነገራችሁ?"

እናቴ ያለችውን ቡሬ ላይ አየሁት። እዚያ የንባብ ማኅበር ያላቸው ወጣቶች ስለ ተውኔቱ ሰምተው ጋበዙን። በሚኒባስ ተጨናንቀን ሄድን፤ ሸራውን ጣሪያ ላይ ጫንነው። ደራሲዋ አንድ መስመር አልለወጠችም። "ሰው ከተነሣ ይነሣ፤ እኔ ግን ማንም አይመጣም እላለሁ" ነበር ያለችው። መሪጌታም ቡሬ ለነሱ ቅርብ ስለሆነ መጥተው ከኋላ ተቀመጡ።

አዳራሹ ሙሉ ወጣት ነበር። ሰላምታው ላይ እንደ ፍኖተ ሰላሙ ሳቁ። ለቅሶው ሲደርስ ግን ከመድረኩ ጎን ሆኜ ስመለከት ስልኮቹ አንድ በአንድ ወደ ላይ ወጡ። ልጅቱ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ትንንሽ ብርሃን ያላቸው መስኮቶች ሁሉ ወደ እሷ ዞረዋል፤ በየመስኮቱ ውስጥ እሷው ትንሽ ሆና ተቀምጣለች። ቡሬዎች ክፉ አይደሉም፤ ወደዋት ነው የቀረጹአት። አንድ ሰው ይነሣ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ደራሲዋም ከጎኔ አንገቷን አስግጋ እየጠበቀች እንደሆነ አየሁ።

ማንም አልተነሣም።

"አንተው አልቅስልኝ" አለች ልጅቱ። ዲያቆኑም አለቀሰ። ሰው ፊት ያን ለቅሶ ሲያለቅስ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር፤ እንዴት እንዳሳመረው ልነግራችሁ አልችልም። ሲጨርስ ስልኮቹ ቀስ እያሉ ወረዱ። አንዳንዱ ያፈረ ይመስል ስልኩን በፍጥነት ኪሱ ከተተ። ጭብጨባው ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣ ግን ማቆሚያ አልነበረውም።

ደራሲዋን ዞሬ አየኋት። ፊቷ በእንባ ርሷል።

"ይኸው መጨረሻሽ" አልኋት።

"አዎ" አለች። "እንደጻፍሁት ነው።" አፍንጫዋን ጠረገች። "ሲሆን ሳየው ግን ከበደኝ።"

ከተውኔቱ በኋላ ውይይት ነበር። አንድ ወጣት ተነሥቶ "ታዲያ መልእክቱ ስልክ እንጣል ነው? ያለዚህ ቴክኖሎጂ እኮ ዛሬ እዚህ መሰባሰባችንንም አናውቅም ነበር፤ በቴሌግራም ነው የተጠራራነው" አለ። ሰዉ ሳቀ። ማይክሮፎኑ ወደ እኔ መጣ፤ እኔም መልስ ነበረኝ፤ ብዙ ያነበብሁት ነገር ነው። ነገር ግን ደራሲዋ እጇን ዘረጋች። ሰጠኋት።

ክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ያን አዳራሽ ሞላችው።

"አይጣል" አለች። "ወንድሜ አያታችን ሲሞቱ በስልክ ነው ያለቀሰው። ስልኩ ባይኖር ድምፁንም አንሰማም ነበር። ለአያቴ ያለቀስነው ከሱ ድምፅ ጋር ነው፤ እኔ ስልክ አልጠላም። የጻፍሁት ከስልኩ በኋላ መምጣት ስለነበረበት እግር ነው። መናገር መድረስ የመሰለን ቀን እግራችን ይቀራል። ሌላ ምንም አላልሁም።"

ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የጠየቀው ወጣት ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ ራሱን ነቀነቀና ተቀመጠ። ከኋላ መሪጌታ ሲነሡ አየሁ። በአደባባይ ልጅ ማመስገን ያገራቸው ልማድ አይደለም፤ ስለዚህ ሰውን ሁሉ እያዩ፣

"ልጆች፣ እኔ ይህንን መሣሪያ አላውቀውም" አሉ። "ጥያቄ ሲጠየቅ የሚመልስ ግን ዛሬ አየሁ። ጆሮዬ ላይ መሰካትም አላስፈለገኝ።"

የገባው ሳቀ፤ ያልገባው ካጠገቡ ያለውን ጠየቀ። ልጅቱ አንገቷን ደፋች፤ ገብቷታል።

ስንወጣ ከአዳራሹ በር ላይ ሳቂታዋን ልጅ የቡሬ ሴቶች ከበዋታል። አንዷ ክንዷን ይዛ "ደህና ነሽ ግን? እውነት ግን ደህና ነሽ?" ትላታለች። ሌላዋ ለመንገድ ብላ የተቀቀለ እሸት በፌስታል ትሰጣታለች። አዳራሹ ውስጥ ያልተነሡት እግሮች በር ላይ ደረሱ፤ ዘገዩ እንጂ አልቀሩም። ደራሲዋ ይህን ቆማ አየች። ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ እሸቱን ለሁሉ አካፈለች።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ሥነ ጽሑፍ ትመርጣለች ብዬ ስጠብቅ የመረጠችው ኮምፒውተር ነው። ተከፋሁ ብል ውሸት ነው፤ ገረመኝ እንጂ። ለክረምት ስትመጣ "ምነው?" ብዬ ጠየቅኋት።

"መሥራቱንማ ይሠሩታል ቲቸር" አለችኝ። "ሲሠሩት እዚያ ልገኝ ብዬ ነው።"

መጻፉንም አልተወችም። ባለፈው የላከችልኝ ታሪክ ላይ ብዙ ቀይ ብዕር አፍስሻለሁ፤ እሷም አንዱን አስተያየቴን ተቀብላ የቀረውን እንደማትቀበል በትሕትና ነግራኛለች።

ክበቡ አሁንም አለ፤ አዳዲስ ልጆች ገብተውበታል፤ ክፉ ነገ ጻፉ ስላቸው ከእንግዲህ ወደ ሰማይ አይወጡም፤ የገዛ ሰፈራቸውን ነው የሚጽፉት። በቀደም ከሌላ ትምህርት ቤት ለሥልጠና የመጡ መምህራን የሻይ ሰዓት ላይ ስለዚያ ተውኔት ሲያወሩ ሰማሁ፤ አንዱ በስልኩ ደራሲዋ ቡሬ ላይ የተናገረችበትን ቪዲዮ ለሌሎቹ ያሳያል። "ይህችን ልጅ ማን ነው ያስተማራት?" አለ።

"እኔ ነኝ" አልሁ።

ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብዬ ነው ያልሁት። ሁሉም ዞረው አዩኝ። አላፈርሁም።